በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስብዎ ካሳ እንዴት ይጠየቃል?

የብሎኬት ማሽን ጣቱን የቆረጠው፣ ከስካፎልዲንግ ላይ የወደቀ፣ ኬሚካል ዓይኑ ውስጥ የተረጨበት ሠራተኛ ከሕመሙ ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አለ፤ «ጥፋቱ ያንተ ነው ተብያለሁ፤ ታዲያ ካሳ ይከፈለኛል?» መልሱ በአብዛኛው አዎ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን ባለማወቅ «ራሴ ነኝ ያልተጠነቀቅሁት» ብሎ ቤቱ የሚቀመጠው ሠራተኛ ብዙ ነው።

ሕጉ ከእርስዎ የሚፈልገው ጉዳቱ በሥራ ላይ፣ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ሁኔታ የደረሰ መሆኑን እንዲያሳዩ ነው። ይህ የሚታየው በወረቀትና በምስክር ነው። ችግሩ ወረቀቱ መሰብሰብ ያለበት ሕመሙ በጠናበት፣ ቤተሰብ በተደናገጠበት፣ አሠሪውም «አይዞህ፣ እኛ አለንልህ» በሚልበት በመጀመሪያው ሳምንት መሆኑ ነው። ከወራት በኋላ ማባበሉ ሲያበቃ ማስረጃውም አብሮ ጠፍቶ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አስቀድሞ ግን ጉዳይዎ በዚህ አዋጅ የሚታይ መሆኑን ያረጋግጡ። አዋጁ የሚመለከተው በፋብሪካ፣ በግንባታ፣ በእርሻ፣ በሆቴል፣ በትራንስፖርትና በመሳሰሉት ድርጅቶች ተቀጥሮ የሚሠራውን ሠራተኛ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ የቤት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የቀን ሠራተኛ ከሆኑና የጽሑፍ ውል ከሌለዎት ግን ተስፋ አይቁረጡ። ውል በቃልም ይመሠረታል፤ አሠሪው ውሉን በጽሑፍ ባለመስጠቱ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ማስረዳት ያለብዎት እዚያ ሲሠሩ እንደነበር ነው።

ደረጃ 1፦ ሕክምና ያግኙ፤ ለሐኪሙም «በሥራ ላይ ነው» ይበሉ

አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ የመስጠት፣ ከዚያም ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በቅርብ ወዳለው የሕክምና ተቋም የማድረስ ግዴታ አለበት። መኪና እስኪመጣ መጠበቅ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን በታክሲም በባጃጅም ይሂዱ፤ የክፍያው ጉዳይ በኋላ ይደርሳል።

ሆስፒታል ሲደርሱ የሚናገሩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። ካርድ ላይ የሚሰፍረው የጉዳቱ መንስኤ እርስዎ ወይም አብሮዎት የመጣው ሰው የተናገረው ነው። አንዳንድ ካቦ ወይም ፎርማን ሠራተኛውን ይዞ ሄዶ «ቤቱ ውስጥ ወድቆ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ያች አንዲት መስመር ከዓመት በኋላ ችሎት ፊት ተነብባ ክርክሩን ልታበላሽ ትችላለች። ስለዚህ መናገር ከቻሉ ነገሩን ራስዎ ይንገሩ፤ «ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው እጄን መታኝ» ዓይነት። መናገር ካልቻሉ የቤተሰብ ሰው ወይም የሚያምኑት ባልደረባ አብሮዎት ይሁን።

ሲወጡ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቁ። ማስረጃው የደረሱበትን ቀን፣ የጉዳቱን ዓይነት፣ መንስኤውንና የተሰጠዎትን ዕረፍት መያዝ አለበት። ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ያንብቡት፤ ስም ወይም ቀን ተሳስቶ ከሆነ እዚያው ያስተካክሉ። በኋላ ማስተካከል ብዙ ያመላልሳል።

ጉዳቱ ቀላል መስሎ ከታየዎትም ይታከሙ። ወገብ ላይ የደረሰ ጉዳት በማግስቱ ነው የሚጠናው፤ ትንሽ ቁስልም ያመረቅዛል። ወዲያው ካልታከሙ አሠሪው «ሌላ ቦታ ተጎድቶ መጥቶ ነው» የሚል መከራከሪያ ያገኛል።

ደረጃ 2፦ ማስረጃውን ሳይጠፋ ይያዙ

አደጋው የደረሰበት ማሽን በማግስቱ ይጠገናል፣ መሰላሉ ይቀየራል፣ የፈሰሰው ዘይት ይጠረጋል። ለዚህ ነው ፎቶ በዚያው ቀን መነሳት ያለበት። የሚያምኑት ባልደረባ በስልኩ ቦታውን፣ ማሽኑን፣ መከላከያ ሽፋኑ መኖር አለመኖሩን፣ የሥራ ልብስዎንና ጉዳቱን ያንሳ። ፎቶው ስልክ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር በቴሌግራም ለቤተሰብ ይላኩት፤ የተላከበት ቀን አብሮ ይቆያል።

ከፎቶው በላይ የሚጠቅመው ምስክር ነው። አደጋው ሲደርስ አጠገብዎ የነበሩትን የሁለት ወይም የሦስት ሰዎች ሙሉ ስም ከነአባት፣ ስልክ ቁጥርና የመኖሪያ አካባቢ ይጻፉ። ሠራተኛ ሥራ ይለቃል፣ ስልክም ይቀይራል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በሚደርስበት ጊዜ «አንድ ተስፋዬ የሚባል ልጅ ነበር» ማለት አይረዳዎትም። ከቻሉ ሥራ ላይ ካሉት ሌላ ድርጅቱን የለቀቀ ሰውም ይያዙ፤ በአሠሪው እጅ ያለ ሰው መመስከር ሊያስፈራው ይችላል።

አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። «አደጋዬ ተመዝግቧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቅጂ እንዲሰጥዎትም በጽሑፍ ይጠይቁ። ባይሰጡዎት እንኳ መጠየቅዎ በራሱ በኋላ ይጠቅማል፤ ሰነዱ በአሠሪው እጅ እንዳለ ገልጸው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ማመልከት ይችላሉ።

የቅጥር ግንኙነቱን የሚያሳዩትን ሰነዶችም በዚሁ ሰሞን ያሰባስቡ፦ መታወቂያ፣ የሥራ ውል ወይም የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ስሊፕ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ወይም የቴሌብር ዝርዝር፣ የመግቢያ ባጅ። የቀን ሠራተኛ ከሆኑ የሰዓት መቆጣጠሪያ ላይ የፈረሙበትን ገጽ ፎቶ፣ ካቦው ገንዘብ የላከበትን መልእክት፣ አብረውዎት የሚሠሩትን ሰዎች ምስክርነት። በግንባታ ሳይት ላይ ደግሞ አሠሪዎ ዋናው ተቋራጭ፣ ሰብ ኮንትራክተሩ ወይም ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ መሆኑን በግልጽ ይለዩ። ደመወዝ የሚከፍልዎት ማን ነው? የሚያዝዎት ማን ነው? ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ ሁለቱንም ስም ከነአድራሻቸው ይያዙ። የተሳሳተ ድርጅት መክሰስ ጊዜ የሚበላ ስህተት ነው።

አሠሪው ከኃላፊነት የሚያመልጥባቸውን ቀዳዳዎችም አሁኑኑ ያስቡባቸው። አዋጁ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ አያደርግም። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር በማያስችል ስካር ሥራ ላይ መገኘት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። «ጓንት አላደረገም»፣ «ሄልሜት አውልቆ ነው» የሚለው መከራከሪያ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጓንቱ በእርግጥ ተሰጥቶዎት ነበር? ሥልጠናስ? የተረከቡበት ፊርማ አለ? ካልተሰጠዎት ባልደረቦችዎም እንዳልተሰጣቸው የሚመሰክር ሰው ይፈልጉ።

ከግቢ ውጭ ወይም ከሥራ ሰዓት ውጭ ለደረሰ ጉዳትም በር አልተዘጋም። በአሠሪው ትእዛዝ ሌላ ቦታ ተልከው፣ በምሳ ዕረፍት ለሥራዎ ግቢው ውስጥ ሳሉ፣ ወይም ድርጅቱ ለሠራተኞች ባቀረበው ሰርቪስ ሲሄዱና ሲመለሱ የደረሰ ጉዳት በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። በሰርቪስ መኪና ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ያስፈልግዎታል፤ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር አይርሱ።

ጉዳቱ በአንድ ቀን የደረሰ ሳይሆን ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም ከሆነ፣ ለምሳሌ በአበባ እርሻ ከኬሚካል፣ በጥጥ ፋብሪካ ከብናኝ፣ በድምፅ ብዛት ከጆሮ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የሚጠበቅብዎት ማስረጃ ይለያል። ሐኪሙ ሕመሙን ከሥራው ጋር አያይዞ እንዲጽፍ ያስፈልጋል። ለዚህም በየትኛው ክፍል ስንት ዓመት እንደሠሩና ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚነኩ ዘርዝረው ይንገሩት፤ የዕቃውን መለያ ጽሑፍ ፎቶ ቢያሳዩት ይበልጥ ይረዳል።

ደረጃ 3፦ ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳውቁ

«አለቃዬ ያውቃል፣ ራሱ ነው ሆስፒታል የወሰደኝ» ማለት አይበቃም። አለቃው ነገ ሊለቅ፣ ወይም ሊክድ ይችላል። ጉዳቱ በደረሰ በቀናት ውስጥ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ። ለቅሶና ወቀሳ አያስፈልገውም፤ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ቀን ________
ለ ________ ድርጅት፣ የሰው ሀብት አስተዳደር
ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ የደረሰብኝን ጉዳት ስለማሳወቅ
እኔ ________ በድርጅቱ በ________ የሥራ መደብ እየሠራሁ እገኛለሁ። በ________ ቀን ከጠዋቱ/ከሰዓት በኋላ በ________ ሰዓት፣ በ________ ክፍል፣ ________ በመሥራት ላይ እያለሁ ________ አካሌ ላይ ጉዳት ደርሶብኛል። በወቅቱ አቶ/ወ/ሮ ________ እና አቶ/ወ/ሮ ________ በቦታው ነበሩ። በ________ ሆስፒታል ታክሜያለሁ፤ የሕክምና ማስረጃዬን ቅጂ አያይዣለሁ። አደጋው በመዝገብ እንዲሰፍር፣ የሕክምና ወጪዬ እንዲሸፈንና በሕጉ መሠረት የሚገባኝ ክፍያ እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ።
ከሠላምታ ጋር፣ ስምና ፊርማ»

በሁለት ቅጂ ያትሙት። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉበት። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩትና ደረሰኙን ከቅጂው ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። ከአልጋ መነሳት ካልቻሉ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ይስጡ።

ደረጃ 4፦ የሕመም ፈቃድ ፎርም ላይ አይፈርሙ

በዚህ ምክንያት ብዙ ሠራተኛ ገንዘቡን ሲያጣ ይታያል። የሰው ሀብት ክፍሉ የሚያውቀው አንድ ፎርም ነው፤ የሕመም ፈቃድ። ሠራተኛው ይፈርማል፤ ከወር በኋላ ደመወዙ በግማሽ ይቀነሳል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይቆማል። የሕመም ፈቃድ ሥርዓት እንዲያ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ቀሪዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ነገር ግን ይህ የሚሠራው በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት ውጭ ለሆነ ሕመም ነው።

በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰ የሚከፈልዎት በአንቀጽ 108 መሠረት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ፣ በጠቅላላው እስከ አንድ ዓመት። ስሌቱ የሚያርፈው ከጉዳቱ በፊት በነበረው ዓመት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። በወር 8,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ መሥራት ካልቻለ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 24,000፣ በሁለተኛው 18,000፣ በቀሪው ግማሽ ዓመት 24,000፣ በድምሩ 66,000 ብር ይደርሰዋል። በሕመም ፈቃድ ቢስተናገድ ኖሮ የሚያገኘው 16,000 ብር ነበር።

ስለዚህ ፎርም ሲሰጥዎት «በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት» የሚል ከሌለበት በእጅዎ ጨምረው ይጻፉ፤ ካልተፈቀደልዎ አይፈርሙ። ቀድመው ፈርመው ከሆነም ዛሬውኑ በደብዳቤ ያስተካክሉ።

በዚህ ጊዜ ከእርስዎም የሚጠበቅ ነገር አለ። የታዘዘ ምርመራን እምቢ ካሉ፣ ሆን ብለው ካዘገዩ፣ ወይም መዳንዎን የሚያጓትት ነገር ካደረጉ ክፍያው ሊታገድ ይችላል፤ እገዳው ሲነሳም ያለፈው ጊዜ ክፍያ ወደ ኋላ አይታሰብም። ቀጠሮ አይቅሩ። በዕረፍት ላይ ሳሉ ሌላ ቦታ ሲሠሩ መገኘትም ጉዳዩን ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ የሕክምና ወጪዎን በስምዎ በተቆረጠ ደረሰኝ ይያዙ

አሠሪው መሸፈን ያለበት ጠቅላላና ልዩ ሕክምናን፣ ቀዶ ጥገናን፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪን፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ አካልንና የአካል ድጋፍን ነው። ብዙ ሰው የመጨረሻውን አያውቅም፤ ሰው ሠራሽ እግር በግል ለማሠራት ገንዘብ ሲለምን ይታያል። ይጠይቁ።

ከኪስዎ ከከፈሉ ዋናውን ደረሰኝ ከሐኪሙ ማዘዣ ጋር ያቆዩ። ለድርጅቱ ሲያቀርቡ ቅጂ አስቀርተው፣ የተቀበለው ሰው በዝርዝሩ ላይ እንዲፈርም ያድርጉ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ መድኃኒት የሚመለስበት ዕድል አነስተኛ ነው።

ደረጃ 6፦ ሕክምናው ሲያበቃ የሐኪሞች ቦርድ ፊት ይቅረቡ

ጉዳቱ ድኖ ምንም ካላስቀረ ጉዳይዎ እዚህ ያበቃል፤ የቀረ ክፍያ ካለ ብቻ ይጠይቃሉ። ጣት፣ ዓይን፣ የእጅ አቅም ያጡ ከሆነ ግን ዘላቂ የአካል ጉዳት ካሳ አለ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ነው፤ የመሥራት ችሎታዎ በስንት በመቶ እንደቀነሰ። ያን ቁጥር የሚሰጠው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ያከምዎት ሐኪም ለብቻው የሚጽፈው ደብዳቤ የቦርድን ውሳኔ አይተካም። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ መወሰን አለበት።

ወደ ቦርድ የሚያስልክ ደብዳቤ ከአሠሪው ይጠይቁ፤ በጽሑፍ። አሠሪው እምቢ ካለ ወይም ዛሬ ነገ ካለ፣ በክፍለ ከተማዎ ወይም በወረዳዎ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ክስ ከመሠረቱም ፍርድ ቤቱን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ለቦርዱ ራጅ፣ የቀዶ ጥገና ማጠቃለያና የሕክምና ካርድ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ሕመሙ ከሥራዎ አንጻር ምን እንደሚከለክልዎ በግልጽ ይናገሩ፦ ክብደት ማንሳት፣ መቆም፣ በጣት መያዝ። ብዙ ሰው ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ማለት ይወዳል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ያለውን ችግር እንዳለ መናገር ያስፈልጋል።

መሥራት ባይከለክልም ከባድ የመልክ ወይም የአካል መበላሸት ያስከተለ ጉዳት እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ፊቷ በእሳት ወይም በአሲድ የተቃጠለ ሠራተኛ «ሥራሽን ትሠሪያለሽ፣ ካሳ የለሽም» ስትባል ይህን ታስታውስ።

ደረጃ 7፦ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይለዩ፤ ስሌቱን ራስዎ ይሥሩት

በኅብረት ስምምነት ሌላ ካልተወሰነ በቀር የዘላቂ ጉዳት ካሳ የሚመጣው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው። አሠሪው ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ገብቶ ከሆነ በዚያ ውል ይከፈላል። ካልገባና እርስዎ የጡረታ ዐቅድ አባል ከሆኑ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይሠራል፤ ጥያቄውም ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ይቀርባል። ጡረታ የማይሸፍንዎት ከሆነ ከፋዩ ራሱ አሠሪው ነው።

አባል መሆንዎን በደመወዝ ስሊፕዎ ያረጋግጡ፤ የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከደመወዝዎ ላይ እየተቆረጠ ለማኅበራዊ ዋስትና ገቢ ሳይሆን ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይዘው ሄደው ያጣሩ።

አሠሪው ራሱ የሚከፍል ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዝ በአምስት ይባዛል፤ ለከፊል ጉዳት ያ ገንዘብ በቦርዱ መቶኛ ይታሰባል። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ፣ ቦርድ 20 በመቶ የሰጠው ሠራተኛ፦ የዓመቱ 96,000፤ በአምስት ሲባዛ 480,000፤ የዚህ 20 በመቶ 96,000 ብር ነው። የሚወሰደው መደበኛው ደመወዝ ነው፤ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስና የትራንስፖርት አበል አይደመሩም። ውልዎ ላይ የተጻፈው ደመወዝ በእጅዎ ከሚከፈለው ካነሰ የባንክ ዝርዝርዎ እዚህ ላይ ያድንዎታል። ካሳው ከሥራ ግብር ነፃ ነው።

በጉዳቱ ምክንያት መሥራት አለመቻልዎ በቦርድ ተረጋግጦ ውልዎ ከተቋረጠ፣ የሥራ ስንብት ክፍያንም ለይተው ያሰሉ። ካሳ ስለወሰዱ ስንብት አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ክፍያውን ይጠይቁ፤ ስምምነት ላይ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ

የቦርዱን ውጤት፣ ስሌቱንና ያልተከፈለ ወጪ ዝርዝር አያይዘው ሁለተኛ ደብዳቤ ያስገቡ። ምክንያታዊ የሆነ ቀነ ገደብ፣ ለምሳሌ 15 ቀን፣ ይስጡ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩል ይሂዱ። ከዚህ ጎን ለጎን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል፤ ተቆጣጣሪው የካሳ ፍርድ ባይሰጥም ቦታውን አይቶ የሚጽፈው ሪፖርት ጠንካራ ማስረጃ ነው።

አሠሪዎች በዚህ ጊዜ የተወሰነ ገንዘብ በእጅ ይዘው «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ያቀርባሉ። ብር የቸገረው ሰው ይፈርማል፤ አይፈረድበትም። ግን ቦርድ ሳይወስን ምን እንዳጡ ስለማያውቁ ምን እየተዉ እንደሆነም አያውቁም። ገንዘቡን መቀበል ካለብዎ «ለሕክምና የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ደረጃ 9፦ ይርጋ ሳያልፍ ክስ ይመሥርቱ

የግል የሥራ ክርክር፣ የጉዳት ካሳን ጨምሮ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል። በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም። ጠበቃ መያዝ ካልቻሉ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ይረዳል።

ጊዜውን በጥብቅ ይያዙ። በአዋጁ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ጥያቄ በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ግን በስድስት ወር። ደመወዝዎ ሲቀነስ ወይም ሲቆም የትኛው ይርጋ እንደሚመለከተው ክርክር ውስጥ ከመግባት ስድስቱ ወር ሳያልፍ መክሰስ ይሻላል። ሠራተኛው በጣም የሚሳሳተው ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፍ ይርጋውን የሚያቆም መስሎት ነው። አያቆምም። ይርጋን የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው አካል ማመልከት፣ ወይም አሠሪው መብትዎን በግልጽ ማመኑ ነው፤ ይህንንም በጽሑፍ ይያዙት። «በሚቀጥለው ወር እንከፍላለን» የሚል የቃል ተስፋ ዓመቱን ያስበላል።

በክሱ ውስጥ የሚጠይቁትን ሁሉ ለይተው ይዘርዝሩ፦ ያልተከፈለ የጊዜያዊ ጉዳት ክፍያ፣ የሕክምና ወጪ፣ የዘላቂ ጉዳት ካሳ፣ ስንብት። ቦርድ ካልቀረቡ ፍርድ ቤቱ እንዲልክዎት በክሱ ይጠይቁ። የማስረጃ ዝርዝርና የምስክሮች ስም ከክሱ ጋር ይያያዛል። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ይላል። ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት፣ ለምሳሌ የተበላሸ ማሽን እያወቀ በማሠራቱ ከሆነ፣ ከዚህ ካሳ በተጨማሪ በሌላ ሕግ የጉዳት ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ይህ መንገድ ግን ያለ ሕግ ባለሙያ ምክር ባይጀመር ይመረጣል።

ሠራተኛው ካረፈ

ጥያቄውን የሚያቀርቡት ጥገኞቹ ናቸው፤ ባል ወይም ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ ሟቹ ይረዳቸው የነበሩ ወላጆች። ሟቹ የጡረታ አባል ከነበረ በጡረታ ሕጉ፣ ካልነበረ የአምስት ዓመት ደመወዝ ከአሠሪው ይከፈላል፦ ለትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ 10 በመቶ። ድምሩ ከመቶ ከበለጠ ወይም ካነሰ በዚያው መጠን ይስተካከላል። የቀብር ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። በሐዘኑ መካከል ከባድ ቢሆንም የፖሊስ ሪፖርትና የአስከሬን ምርመራ ውጤት ሳይያዝ ቀብር እንዳይፈጸም፤ በኋላ የሚተካው ነገር የለም። የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት ከሌለ ከፍርድ ቤት የሚስትነትና የልጅነት ማረጋገጫ ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ ከለቅሶው ቀጥሎ ይጀመር።

ደረጃ 10፦ ከውሳኔ በኋላ

ተፈርዶልዎት አሠሪው ካልከፈለ የፍርዱን ግልባጭ ይዘው ለዚያው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገቡ፤ የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ፣ ተሽከርካሪ ወይም ማሽን ካወቁ ይጥቀሱ። ጉዳቱ ከጊዜ በኋላ ከባሰ፣ ወይም ምርመራው ተሳስቶ ከነበረ፣ የመቶኛው መጠን እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ። አሠሪውም ተሻሽሏል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላም ራጁን፣ የቦርዱን ወረቀትና የሕክምና ካርዱን ቁጥር አይጣሉ፤ ክትትል የሚያደርጉበትን እያንዳንዱን ቀጠሮም ከዚያው ፋይል ጋር ያያይዙ።